ፀሐይ የቀዳችው ጉድጓድ

ከጅጅጋ መነሳት

ዩሱፍ ጎህ ሲቀድ በሬን ሲያንኳኳ እኔ ጫማዬን አስሬ እየጠበቅሁት ነበር። "ፀሐይ ሳትከርር ካልወጣን መንገዱ ያቃጥለናል" አለኝ። "የእኛ ማሽን ያለ ፀሐይ አይነሳ፤ አንተ ከፀሐይ ምን አሸሸህ?" ብዬ ቀለድሁበት። አልሳቀም። ነገሩ ባይሳካ ከእኔ ይልቅ የሚጎዳው እርሱ ነው።

ዩሱፍ ጅጅጋ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ ያለው በያጅ ነው። እኔ ከደብረ ብርሃን ተመድቤ የመጣሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። የተዋወቅነው የትምህርት ቤታችንን የተሰበሩ ወንበሮች ሊበይድ በመጣ ጊዜ ነው። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ ስለ አባቱ እህት አጫወተኝ። ኸድራ ይባላሉ። ሶማሌዎች የአባትን እህት "ኤዶ" ብለው በክብር ስለሚጠሩ እኔም ገና ሳላያቸው ኤዶ ኸድራ ማለት ለመድሁ። አውበሬ አጠገብ የማሽላ ማሳ፣ ጥቂት ግመሎችና ባላቸው በሕይወት ሳሉ የቆፈሩት ጉድጓድ አላቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ወንዶች ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ ተሻገሩ። ጉድጓዱ ዛሬም ውሃ አለው። የጠፋው የሚቀዳው ክንድ ነው፤ የተጠማ ግመል ደግሞ አንዲት ሴት በባልዲ የምትችለው እንስሳ አይደለም።

የባላቸው ወንድም ቁርጡን ነግረዋቸዋል። ግመሎቹ ከግጦሽ ሲመለሱ፣ በሚመጣው የውሃ ቀናቸው ከራሳቸው ጉድጓድ ካልጠጡ፣ እርሳቸው ከመንጋቸው ጋር ቀላቅለው ወደ ሩቁ የጎሳው ኤላ፣ ወደ ጋራ የውሃ ጉድጓዱ፣ ይነዷቸዋል። ግመል ከሄደ ወተቱም አብሮ ይሄዳል። ያለ ወተት ደግሞ በጋውን በዚያ ማሳ ላይ ማለፍ አይቻልም፤ ኤዶ ኸድራ ቤታቸውን ዘግተው የሰው ጥገኛ ሊሆኑ ነው። "ከዚያ ቤት ከወጣች በቁሟ ሞተች በለኝ" አለኝ ዩሱፍ።

"እንግዲያው ፀሐይ ትቅዳላቸው" ያልኩት ያን ቀን ነው።

ከተናገርሁት በኋላ መተው የሚባል ነገር አላውቅም፤ እናቴ "ግትር" ትለኛለች። አንድ የዕርዳታ መጋዘን ጥግ ላይ መስታወታቸው ስለተሰነጠቀ የተጣሉ ሁለት ሰሌዳዎች ነበሩ፤ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ፣ ሶላር የሚሏቸው። ደጅ ጠናሁ፣ ደጅ ጠናሁ፣ በመጨረሻ የመጋዘኑ ኃላፊ ፊቴን ማየት ሲሰለቸው "ውሰድና ተገላገለኝ" አለኝ። ሞተሩን ዩሱፍ ካራማራ ሥር ከወደቀ የወታደር መኪና ፈታው፤ የፊት መስታወት ዝናብ መጥረጊያን የሚያወዛውዘው ትንሽ ሞተር ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። የፕላስቲክ ቱቦ ጉድጓዱ ውስጥ ይወርዳል። በቱቦው ውስጥ ከመኪና ጎማ የተቆረጡ ክብ ላስቲኮች ተራርቀው የተቋጠሩበት የናይለን ገመድ ያልፋል። የገመዱ ሁለት ጫፍ ተገናኝቶ ከጉድጓዱ አፍ በላይ በተሰቀለ የብስክሌት ቸርኬ ላይ ይዞራል። ሞተሩ ቸርኬውን ሲያዞር እያንዳንዱ ላስቲክ በላዩ ያለውን ውሃ እየገፋ ያወጣዋል። ባትሪ የለው፣ ናፍጣ የለው፣ ድምፅ የለው። በተለይ ድምፅ አልባነቱ ያኮራኝ ነበር። መምህራን ጓደኞቼ ግን "ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ" እያሉ ነው የሸኙኝ።

ኬላው

ከከተማው መውጫ ላይ አስቆሙን። የይለፍ ወረቀታችን ደህና ነበር፤ ጣጣ ያመጡት ሰሌዳዎቹ ናቸው። ወታደሩ የሸፈንንባቸውን ብርድ ልብስ ገለጠና ጥቁሩን መስታወት ሲያይ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

"ይሄ ምንድነው ጓድ?"

"የውሃ መሳቢያ ነው።"

"ውሃው የታለ?"

"ውሃው አውበሬ ነው።"

"ራዳር አይደለም?"

"ራዳር ቢሆን በዚህ አሮጌ ፒካፕ ይጫን ነበር?"

ዩሱፍ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ልክ ነበረው፤ ኬላ ላይ ቀልድ አያዋጣም። ከመከራከር ማሳየት ይሻላል ብዬ ሰሌዳዎቹን ወደ ምሥራቅ አዙሬ ሽቦውን ከሞተሩ ጋር አገናኘሁት። ፀሐይዋ ገና ዝቅ ያለች ብትሆንም ሞተሩ እየተንተፋተፈ መዞር ጀመረ። ወታደሩ ባርኔጣውን አውልቆ ሰሌዳው ላይ ጣል አደረገ፤ ሞተሩ ቆመ። አነሳው፤ ዞረ። ደግሞ ሸፈነው፤ ደግሞ አነሳው። ከኋላችን የቆመው የጭነት መኪና ጥሩምባ ሲነፋ እንኳ መተው አልቻለም።

"አገርህ የት ነው?" አለኝ በመጨረሻ።

"ደብረ ብርሃን።"

"እኔ የሞጣ ልጅ ነኝ። የእናቴ ላሞች ወንዝ ወርደው እስኪወጡ ቀኑ ይመሻል።" ባርኔጣውን አራግፎ አጠለቀና የኬላውን ገመድ ዝቅ አደረገልን። "ስትመለስ እዚህ ከሆንኩ ንገረኝ። ጠጡ ወይስ አልጠጡም፣ እሱን ብቻ።"

አውበሬ

መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ በየመሐሉ ደግሞ ዱቄት የመሰለ አቧራ ጎማ ይውጣል። የጅጅጋ ሜዳ በክረምት ስንዴና ማሽላ የሚወዛወዝበት አገር ነው፤ በበጋ ግን ከአድማስ እስከ አድማስ ቢጫ ገለባና ኩይሳ ብቻ ይቀራል። የሚያልፉን በጎችና ፍየሎች አንገታቸውን ደፍተው ነው። ዩሱፍ መስኮቱን ዘግቶ ይዘፍናል፣ እኔ ከፍቼ እተነፍሳለሁ፤ ሁለታችንም አቧራ ለብሰን ደረስን።

አውበሬ ከተማ ዳር ጦርነት ሸሽተው የመጡ ስደተኞች ድንኳኖች ቆመዋል። እነርሱ ከመጡ ወዲህ ገበያው ሞቅ ያለ ነው፤ ከድንበር ማዶ የመጣ ጨርቅ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ የእጅ ባትሪ፣ የፈለጉት ሁሉ አለ። ሻይ ከጅጅጋው ይወደዳል። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ ባለ ሻይ ቤቱ "ውሃው በቦቴ ነው የሚመጣው፤ ስኳሩስ በነፃ ነው" አለኝ። ዩሱፍ ላሆህ በሥጋ ወጥ አዘዘ። ላሆህ የእኛን እንጀራ የሚመስል፣ አነስ ብሎ ጣፈጥ ያለ ነው። ዐቢይ ጾም ስለነበር እኔ ላሆሁን በስኳርና በዘይት በላሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ሳህኔን አይተው አዘኑልኝ፤ ዩሱፍ ጾም መሆኑን ሲነግራቸው ደግሞ "በርታ" ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ተጨማሪ የናይለን ገመድ ገዝተን ተነሳን።

ማሳው

ኤዶ ኸድራ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲራመዱ መሬቱን የሚለኩ የሚመስሉ ሴት ናቸው። ሲቀበሉን መጀመሪያ ያቀረቡልን በእንጨት ጮጮ የግመል ወተት ነው። ዩሱፍ ጨለጠው። እኔ ጾም ላይ መሆኔን በእርሱ በኩል ባስረዳቸው ወገባቸውን ይዘው ሳቁ።

"ወተት የማይጠጣ ሰው ግመሎቼን ሊያጠጣ መጣ ትላለች" ብሎ ዩሱፍ ተረጎመልኝ። "ለበዓልህ ተመለስ፤ ያኔ የምትጠጣው ወተት እዚህ ካለ ያንተ ሥራ ነው ትላለች።"

በጨዋታ መሐል የተናገሩት ይህ ቃል ሌሊቱን ሁሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

የባላቸው ወንድም ቀድመውን ደርሰው ግራር ሥር ተቀምጠዋል። ወርሰሜ ይባላሉ፤ ሰዉ "አዴር" ይላቸዋል፣ አጎት እንደ ማለት። ወጣት ሳሉ ከብት እየነዱ ድሬዳዋ ድረስ ይነግዱ ስለነበር አማርኛ ያውቃሉ። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ ወዲያው ገባኝ። የወንድማቸው ግመሎች በጥማት ካለቁ ነውሩ የእርሳቸው ነው፤ የሚፈሩት ይህንን ነው።

"እኔ ሞተር አይቻለሁ፣ ማዓሊን" አሉኝ፤ መምህር ማለታቸው ነው። "ሞተር መጀመሪያ ናፍጣ ይጠጣል። ከዚያ ይታመማል። ከዚያ ዶሮ ይቀመጥበታል።"

"የእኔ ምንም አይጠጣም፣ አዴር።"

"የማይጠጣ ነገር አላምንም። አንተም ወተት እንቢ ስትል አይቼሃለሁ።"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል እኛ ዘንድ።"

"እንቁላሉ እስኪሄድ ግመሉ ይጠማል" አሉና በትራቸውን ወደ ምሥራቅ ዘረጉ። "ነገ ረፋድ ላይ እዚህ ይደርሳሉ። የእኔም መንጋ ከኋላ አለ። ከጠጡ ጠጡ። ካልጠጡ ፀሐይ ሳትዘቀዘቅ ይዣቸው እሄዳለሁ።"

በዚያው ሥራ ጀመርን። ዩሱፍ የብረቱን ማቆሚያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተከለ፤ እኔ ሰሌዳዎቹን በእንጨት ላይ አሰርሁ። ላስቲኮቹን ገመዱ ላይ ለመቋጠር ስቀመጥ ኤዶ ኸድራ መጥተው ገመዱን ከእጄ ወሰዱት። "እናንተ ትሄዳላችሁ" አሉ በዩሱፍ በኩል። "ገመዱ ሲበጠስ ጅጅጋ ድረስ ልጣራ?" የመጀመሪያውን ቋጠሮ አሳየኋቸው፤ የቀሩትን ሁሉ ራሳቸው ቋጠሩ። ቱቦውን ሲያወርዱም ከዩሱፍ ጋር እኩል ያዙ። ናይለኑ መዳፋቸውን ልጦት ነበር፤ ጨርቅ ጠምጥመው ቀጠሉ።

ከሰዓት በኋላ ሽቦውን አገናኘሁ። ቸርኬው ዞረ፤ ውሃ ግን የለም። ላስቲኮቹ ሰፍተው ቱቦው ውስጥ ይቀረቀራሉ። ገመዱን አወጣን፤ ኤዶ ኸድራ እያንዳንዱን ላስቲክ በቢላ ዙሪያውን ላጡት፣ መልሰን አስገባን። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ስትል ቱቦው አንዴ ተፋ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ የአውራ ጣት ያህል ውፍረት ያለው ውሃ ይወርድ ጀመር። ኤዶ ኸድራ በመዳፋቸው ተቀብለው ፊታቸውን አበሱ። አዴር ወርሰሜ ከተቀመጡበት አልተነሱም፤ ግን አንገታቸው ረዝሞ አየሁት።

የውሃ ቀን

ጠዋት ፀሐይ ሰሌዳው ላይ ስታርፍ ቸርኬው ማንም ሳይነካው ተነሳ። ውሃው ቀጭን ስለሆነ ግመሎቹ ከመድረሳቸው በፊት መጠራቀም ነበረበት። ለሁለት የተሰነጠቁ በርሜሎች ደርድረናል፤ የኤዶ ኸድራ ባል በድንጋይና በሲሚንቶ የሠሩት ረጅም ገንዳም አለ። ረፋዱ ላይ በርሜሎቹ ሞልተው ገንዳው አፉ ድረስ ደረሰ። እንዲህ ያለ ደስታ ክፍል ውስጥ አግኝቼ አላውቅም። ዩሱፍ "መምህር፣ በቃ፣ አሸነፍን" አለኝ።

አቧራው መጀመሪያ ታየ፤ ከዚያ ግመሎቹ። ሻኛቸው ሟሟል። መሪዋ እንስት ግመል ከፊት ናት። ድንጋይ ቢወረውሩት ከሚደርስበት ቦታ ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ሁሉም ከኋላዋ ቆሙ።

ጠበቅን። አልመጡም። አንገታቸውን ወደ ጉድጓዱ ዘርግተው ያያሉ፤ አፍንጫቸው ይርገበገባል፤ እግራቸው ግን አይንቀሳቀስም።

የመስታወቱ ብልጭታ አስፈርቷቸው ይሆናል ብዬ ሰሌዳዎቹን በብርድ ልብስ ሸፈንሁ። አልመጡም። ውሃው ዘይት ዘይት ይሸታል እንዴ ብዬ ቀመስሁት፤ ንጹሕ ነው። በባልዲ ይዤ ወደ መሪዋ ሄድሁ፤ ሁለት እርምጃ አፈገፈገች። ዩሱፍ ከኋላ ሊነዳቸው ሞከረ፤ ተበተኑ። ይህ ሁሉ ሲሆን የአዴር ወርሰሜ መንጋ ደርሶ ሩቅ ቆሟል፤ እረኞቻቸውም ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታለች። ኤዶ ኸድራ ገንዳው አጠገብ ቆመው አንዴ ግመሎቹን አንዴ ቤታቸውን ያያሉ።

ትዕግሥቴ አለቀ። ግራሩ ሥር ሄጄ ሽማግሌው ፊት ቆምሁ።

"አዴር፣ እንስሶቹ ተጠምተዋል። ውሃው ሞልቷል። ምን ጎደለ?"

"ማን ጠራቸው?" አሉኝ።

"ምን ማለት ነው?"

"ኤላ ላይ የብዙ ሰው ግመል ይሰበሰባል። ሳይጠራ ወደ ገንዳ የሚሮጥ ካለ ሁሉም ይቀላቀላል፣ ሰውም ይጋደላል። ስለዚህ ግልገል ሳሉ ጀምረን እናስተምራቸዋለን። ዜማቸው እስኪዘፈን ይቆማሉ። ሳይዘፈን የመጣውን በበትር እንመልሰዋለን። ይሄው፣ በደንብ ተምረዋል።"

"ታዲያ ይዝፈኑላቸዋ።"

"የሚዘፍነው የቀዳው ሰው ነው። እኔ አልቀዳሁም። ሳልቀዳ ብዘፍን በሰው ላብ መኩራት ነው።" በትራቸውን ወደ ሰሌዳዎቹ አቀኑ። "የቀዳችው ፀሐይ ናት ብለሃል። እንግዲህ ትዝፈን።"

እየቀለዱብኝ አልነበረም፤ ያ ነው የከፋኝ። ድምፅ የለውም እያልሁ የኮራሁበት ማሽን ዝም ብሎ ውሃውን ገንዳው ላይ ያፈሳል። ዩሱፍ ቱቦ ማውረዱ ከተቆጠረልኝ ብሎ የሰርግ ዘፈን የመሰለ ነገር ጀመረ። የከተማ ልጅ ነው፣ የግመል ዜማ አያውቅም። ግመሎቹ ጆሯቸውን እንኳ አላዞሩም።

ያኔ ኤዶ ኸድራ ወደ ሽማግሌው መጡ። በጨርቅ የታሰሩትን መዳፎቻቸውን ፈትተው ዘረጉላቸውና ድምፃቸውን ሳያነሱ ተናገሩ። ዩሱፍ በጆሮዬ ተረጎመልኝ።

"ገመዱ ላይ ያለውን ቋጠሮ ሁሉ የቋጠርሁት እኔ ነኝ። ቱቦውን ያወረድሁት እኔ ነኝ። ነገ ሲበጠስ የምቀጥለውም እኔ ነኝ። የቀዳሁት እኔ ነኝ።"

ሽማግሌው መዳፎቹን አዩ። "የግመል ዜማ የወንድ ነው፣ ኸድራ" አሉ።

"ወንዱ ሞቷል" አሉ እርሳቸው። "ዜማውን ግን ስንት ዓመት ከቤቴ ደጃፍ ስሰማው ኖሬያለሁ።"

ፈቃድ አልጠበቁም። ወደ ጉድጓዱ አፍ ሄደው ማቆሚያውን በአንድ እጃቸው ያዙና ጀመሩ። መጀመሪያ ድምፃቸው ተሰበረ፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ጀመሩ። ዩሱፍ እንደነገረኝ ቃሉ እንዲህ ያለ ነበር፤ "ሩቅ የሄድሽ ሆይ፣ ነይ፤ በጥማትሽ ቀን ክንዴ አልዛለም፤ ቀዝቃዛው ወጥቶልሻል፣ ነይ።" ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላ ዝም ይላሉ። እዚያ ላይ አብረው የሚቀዱት ሰዎች ይመልሱ ነበር፤ አሁን ቦታው ባዶ ነው። ቸርኬው ብቻ ይዞራል።

የመሪዋ ጆሮ ተነሳ። አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ። ከዚያ አንገቷን ዝቅ አድርጋ በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። የግመል ጉሮሮ ውሃ ሲስብ የሚሰማው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። አላፍርም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አዴር ወርሰሜ ብድግ አሉ። ሊከራከሩ ነው ብዬ ነበር። ከቤቱ ግንብ ጥግ ተሰቅሎ የደረቀውን የወንድማቸውን የቆዳ ባልዲ አወረዱ፣ ገመዱን ፈተሹ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ለቀቁት። እየከበዳቸው፣ እያረፉ፣ አንድ ባልዲ በእጃቸው ቀድተው ገንዳው ላይ ደፉ። አሁን ቀድተዋል። ኤዶ ኸድራ የሚቀጥለውን ስንኝ ሲጨርሱ ሽማግሌው በወፍራም ድምፃቸው መለሱላቸው።

ግመሎቹ ገንዳውን ጨርሰው በርሜሎቹን ጀመሩ። የሽማግሌው እረኞች መንጋቸውን ብቻ ነድተው ሄዱ።

መመለስ

በማግስቱ ስንነሳ ኤዶ ኸድራ ቸርኬው ላይ ዘይት እየቀቡ ነበር። ሰሌዳዎቹን አቧራ ሲሸፍናቸው በእርጥብ ጨርቅ እንዲጠርጓቸው ነገርኋቸው፤ ገና ስናገር ጨርቁን ከወገባቸው አውጥተው አሳዩኝ። "ለበዓልህ" አሉኝ፤ ይህችን ብቻ በአማርኛ። አዴር ወርሰሜ ደግሞ "ዶሮ እስኪቀመጥበት እየመጣሁ አየዋለሁ" ብለው ጨበጡኝ።

ኬላው ላይ የሞጣው ልጅ ነበር። ወረቀታችንን ሳያይ በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

"ጠጡ?"

"ጠጡ።"

ገመዱን ዝቅ አደረገልንና እጁን ባርኔጣው ላይ አሳርፎ አሳለፈን።

ጅጅጋ ስገባ አቧራዬን ሳላራግፍ መምህራን ጓደኞቼ ከበቡኝ። ነገርኳቸው፤ ስለ ሰሌዳውና ስለ ላስቲኩ ጥቂት፣ ስለ ዜማው ብዙ። በፋሲካ ማግስት ተመልሼ ሄድሁ፤ ወተቱም ነበር፤ ጮጮውን እንደ ዩሱፍ ጨለጥሁት። ከዚያ ወዲህ "ለእኛም ሥራልን" እያሉ የሚመጡ አልጠፉም። ድሮ ቢሆን መጀመሪያ የምጠይቃቸው ጉድጓዱ ምን ያህል ይጠልቃል ብዬ ነበር። አሁን ሻይ አዝዤላቸው "ጉድጓዳችሁ ላይ የሚዘፍነው ማን ነው?" እላለሁ። መልሱን ካገኘሁ በኋላ ገመዱን ለዚያ ሰው አስይዤ ሥራ እንጀምራለን።